አፉን ያልፈታ ልጅ፣ ትምህርት ቤትና ይግባኝ፤ በእንግሊዝ አገር ከ1870 ወዲህ
የትምህርት ታሪክ በተለመደው አኳኋን ሲጻፍ የሚተርከው ስለ ትምህርት ቤቶች መከፈት፣ ስለ ሚኒስትሮች ዐሳብና ስለ ተማሪዎች ቍጥር ማደግ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ከዚህ ያነሰ የሚመስለውን ነገር ነው፤ ይኸውም ጆሮው እየሰማ፣ ዕድሜውም ለትምህርት ደርሶ ሳለ፣ አፉን ያልፈታ ልጅ በእንግሊዝ አገር በየትኛው ትምህርት ቤት እንዲገባ ማን ይወስን እንደ ነበረ፣ ወላጆቹም ውሳኔውን ባይቀበሉ አቤቱታቸውን የሚሰማ ማን እንደ ነበረ ነው። እንግሊዝን የመረጥንበት ምክንያት የክርክሩ እያንዳንዱ ደረጃ በአዋጅና በፍርድ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምንደግፈውን ዐሳብ ከመነሻው እንገልጻለን። ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ወላጅ ቀድሞ መብት እንዳልነበረው፣ በኋላም ደረጃ በደረጃ መብት እንደ ተሰጠው ሁኖ ነው። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። የይግባኝ በር ከተከፈተ በኋላም አፉን ያልፈታው ልጅ ወላጅ በበሩ ለመግባት ይቸገር ነበር፤ ምክንያቱም ልጅን ንግግር ማስተማር ሕክምና ነው ወይስ ትምህርት የሚለው ጥያቄ ገና አልተቈረጠም ነበር። ሕክምና ከተባለ የትምህርት ዳኛ አያየውም፤ ትምህርት ከተባለ ያየዋል። ስለዚህ የመብቱን ታሪክ ከስሙ ታሪክ ለይቶ መጻፍ አይቻልም ብለን እናምናለን።

በ1870 የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት አዋጅ በየአካባቢው የትምህርት ቦርድ እንዲቋቋም አደረገ፤ በ1880 የወጣውም ትምህርትን ግዴታ አደረገው። ልጆች ሁሉ ወደ ክፍል በገቡ ጊዜ ነው እንግዲህ የማይናገረው ልጅ በመምህሩ ፊት የቀረበው። በዚያን ዘመን ደግሞ መንግሥት ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ገንዘብ በፈተና ውጤት የሚለካ ነበረ። ይህ ደንብ በ1862 ተጀምሮ እስከ 1890ዎቹ ዓመታት ቆይቷል። ተቈጣጣሪው እየመጣ ልጆቹን አንድ በአንድ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ይፈትናቸዋል፤ ልጁ ከወደቀ በእርሱ ስም ሊገኝ የሚችለው ገንዘብ ይቀራል። ንባቡ ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚነበብ ስለ ነበረ፣ የማይናገር ልጅ ለትምህርት ቤቱ በገንዘብ የሚቈጠር ጉዳት ነበረ ማለት ነው። መምህሩ ደግ ቢሆንም እንኳ ይህን ስሌት ሊረሳው አይችልም ነበር።

በ1893 ስለ ዓይነ ስውራንና መስማት ስለ ተሳናቸው ልጆች አዋጅ ወጣ። በዚህ አዋጅ መስማት የተሳነው ልጅ ከ7 እስከ 16 ዓመት ድረስ እንዲማር ግዴታ ሆነ። ነገር ግን ሕጉ የሚለካው ጆሮን እንጂ አፍን አልነበረም፤ እየሰማ የማይናገር ልጅ በዚህ አዋጅ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ለእርሱ የቀረለት በር የ1899 አዋጅ ነው። ይህ አዋጅ የአእምሮ ወይም የአካል ጉድለት ላለባቸውና የሚጥል በሽታ ለያዛቸው ልጆች ትምህርት እንዲዘጋጅ ፈቀደ፤ ፈቀደ እንጂ አላስገደደም። የአእምሮ ጉድለት አለባቸው ለተባሉት ልጆች ግዴታው የመጣው በ1914 ነው። በመካከሉ በ1907 ሐኪም በትምህርት ቤት ውስጥ ልጆችን እንዲመረምር ተደነገገ። ይህ ለጤና ታላቅ ጥቅም የሰጠ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ልጁ የት ይማር የሚለው ጥያቄ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዐርፎ ከስድሳ ዓመት በላይ ቈይቷል።

ንግግር የማሠልጠን ሙያ ራሱ ሁለት ወላጆች አሉት ለማለት ይቻላል። በ1906 በማንቸስተር የትምህርት ሹማምንት ለሚንተባተቡ ልጆች ልዩ ክፍል ከፈቱ፤ በ1911 ደግሞ በሎንዶን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የንግግር ክሊኒክ ተከፈተ። አንዱ በትምህርት ቤት፣ ሌላው በሆስፒታል ተወለደ። በ1945 ባለሙያዎቹ አንድ ኮሌጅ አቋቁመው ተባበሩ፤ ሙያው የማን ነው የሚለው ግን ሳይወሰን ቀረ። እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቋንቋ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በአማርኛ ይህን ሥራ «የንግግር ሕክምና» ማለት ተለምዷል። ይህን ስንል ሳናስበው በክርክሩ ውስጥ ለአንደኛው ወገን ፈርደናል፤ አፉን ያልፈታን ሕፃን እናቱ ስታናግረው ታክመዋለች የሚል ሰው የለምና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ንግግር ማሠልጠን» የሚለውን እንጠቀማለን።

የ1944 የትምህርት አዋጅ በእንግሊዝ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ትልቁ ምዕራፍ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የየአካባቢው የትምህርት ባለሥልጣን ልዩ ትምህርት የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ፈልጎ የማግኘት ግዴታ ተጣለበት። በ1945 የወጣው ደንብ ልጆቹን በ11 ክፍል መደባቸው፤ ከነዚህም አንዱ የንግግር ጉድለት ያለባቸው ነበሩ። በኋላ የተሻሻለው ደንብ እነዚህን ልጆች ሲተረጕም ከመስማት ችግር ባልመጣ የንግግር ጉድለት ወይም የንግግር አለመኖር ምክንያት ልዩ ትምህርት የሚያሻቸው ናቸው አለ። አፉን ያልፈታው ልጅ በሕግ ስም ያገኘው ይህን ጊዜ ነው። በ1947ም በሰሪ አውራጃ ከኦክስቴድ አጠገብ ሙር ሐውስ የሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ለነዚህ ልጆች ተከፈተ። አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ለአገር ሙሉ ልጅ ስንት ቦታ ሊኖረው እንደሚችል አንባቢው ራሱ ሊገምት ይችላል።

ስም ከተሰጠ በኋላ ግን ስሙን የሚለጥፈው ማን ነበር? ሐኪሙ ነው። ባለሥልጣኑ ሁለት ዓመት የሞላውን ልጅ ለምርመራ እንዲቀርብ ሊያዝዝ ይችል ነበር፤ ያለ በቂ ምክንያት እንቢ ያለ ወላጅ እስከ 5 ፓውንድ ይቀጣል። ወላጁም በበኩሉ ልጄ ይመርመርልኝ ብሎ ለመጠየቅ ይችላል። ምርመራው ካለቀ በኋላ ግን የሐኪሙ ዝርዝር ጽሑፍ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል እንጂ ለወላጅ የሚሰጥ አልነበረም። ከሁሉ የሚከፋው የአዋጁ አንቀጽ 57 ነበር። ልጁ በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ሊማር አይችልም ከተባለ፣ ከትምህርት ባለሥልጣን እጅ ወጥቶ በ1913 የወጣውን የአእምሮ ጉድለት ሕግ ለሚያስፈጽሙት ሹማምንት ይተላለፍ ነበር። ለወላጅ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ በተወሰነው ቀን ውስጥም ለሚኒስትሩ ይግባኝ ለማለት ይችላል። ይግባኙ በወረቀት አለ፤ ነገር ግን ወላጁ ያላየውን የሐኪም ጽሑፍ እንዴት አድርጎ ይቃወም?

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ልንዘገይ እንወዳለን፤ የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነውና። በዚያ ዘመን የልጅን አእምሮ ለመለካት ከሚያገለግሉት ፈተናዎች ብዙው ክፍል በቃል የሚጠየቅና በቃል የሚመለስ ነበር። መልሱን እያወቀ ሊናገር ያልቻለ ልጅና መልሱን ያላወቀ ልጅ በፈታኙ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ይተዋሉ። አስተዋይ ፈታኝ ሥዕልና እንጨት አቅርቦ ሊለያቸው ይችላል፤ ችኵሉ ግን አይለያቸውም። አንደኛው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛው ወደ ማሠልጠኛ ማእከል ወይም ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። በ1970 የወጣው አዋጅ ይህን በር ዘጋው፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 1971 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ሊማር አይችልም የሚባል ልጅ በሕግ ቀረ። በዚያን ጊዜ ከጤና ሹማምንት ወደ ትምህርት ባለሥልጣን የተላለፉት ልጆች 32 ሺህ ያህል ነበሩ። ከነዚህ መካከል አእምሮአቸው ሳይሆን አፋቸው ብቻ ተይዞ የነበረ ስንት እንደ ነበሩ የሚነግረን መዝገብ የለም፤ ማንም አልቈጠራቸውምና።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዐሥር ዓመታት እርስ በርሱ የሚቃረን ሥራ የተሠራባቸው ናቸው። በ1968 ማርጋሬት ግሪን የተባለች የንግግር ባለሙያ ንግግር ለተቸገሩ ልጆች የሚቆመውን አፋሲክ የተባለውን ማኅበር መሠረተች። በ1972 በፕሮፌሰር ራንዶልፍ ኩዋርክ የሚመራው ኮሚቴ ንግግር የማሠልጠኑ አገልግሎት በአንድ አስተዳደር ሥር ይጠቃለል ሲል መከረ፤ በ1974ም የጤናው አስተዳደር እንደ ገና ሲደራጅ በትምህርት ባለሥልጣን ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩት ባለሙያዎች ሁሉ ወደ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተዛወሩ። በአስተዳደር በኩል ምክንያት ያለው ሥራ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ ተበታትነው ከሚሠሩ ቢሰባሰቡ ይሻል ነበር። ነገር ግን በዚሁ ጊዜ የትምህርት ሚኒስቴር በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄድ ነበር። በ1975 ያወጣው መመሪያ የሐኪሙን ብቸኛ ሥልጣን ቀንሶ የመምህሩና የሥነ ልቡና ባለሙያው ጽሑፍ ከሐኪሙ ጽሑፍ ጋር እንዲቀርብ አደረገ። ልጁ ከሐኪም ወደ መምህር ሲመጣ፣ ንግግር የሚያሠለጥነው ባለሙያ ከመምህር ወደ ሐኪም ሄደ፤ ሁለቱ በመንገድ ተላለፉ።

በፈላስፋዋ በሜሪ ዋርኖክ የሚመራው ኮሚቴ በ1978 ያቀረበው ጽሑፍ ከአምስት ልጆች አንዱ በትምህርት ዘመኑ በአንዱ ጊዜ ልዩ እርዳታ ሊያስፈልገው እንደሚችል አመለከተ፤ ልጆችን በበሽታ ስም መመደቡም እንዲቀር መከረ። ከዚህ የተነሣ የ1981 አዋጅ ወጣ፤ በሥራ ላይ የዋለው በኤፕሪል 1983 ነው። ባለሥልጣኑ ልጁን አስመርምሮ ፍላጎቱንና የሚሰጠውን ትምህርት የሚገልጽ ጽሑፍ፣ «መግለጫ» የሚባለውን፣ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ፤ የባለሙያዎቹም ምክር ከመግለጫው ጋር ተያይዞ ለወላጅ እንዲሰጥ ሆነ። ስለ ልጃቸው የተጻፈውን ሌሎች ሲያነቡት የኖሩ ወላጆች አሁን ራሳቸው ለማንበብ ቻሉ። በእኛ አስተያየት ከይግባኙ ይልቅ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ይግባኙማ ምን ዓይነት ነበር? ነገሩን ለመረዳት ከአንድ ዓመት በፊት ከወጣው ከ1980 አዋጅ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በ1980 አዋጅ ማንኛውም ወላጅ ልጁ በመረጠው ትምህርት ቤት ቦታ ቢከለከል ለይግባኝ ኮሚቴ ያመለክታል፤ ኮሚቴው ቢፈርድለት ውሳኔው ባለሥልጣኑን ያስገድደዋል። በ1981 አዋጅ ግን የባለ መግለጫው ልጅ ወላጅ ወደ ኮሚቴ ቢሄድ፣ ኮሚቴው ከሁለት ነገር አንዱን ብቻ ያደርጋል፤ ወይ የባለሥልጣኑን ውሳኔ ያጸናል፣ ወይ አስተያየቱን ጽፎ ባለሥልጣኑ ጉዳዩን እንደ ገና እንዲመለከተው ይመልስለታል። ሊሽረው አይችልም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሚኒስትሩ ብቻ ነው፤ የሚኒስትሩም መልስ ብዙ ይዘገይ ነበር። እንግዲህ የሚናገረው ልጅ ወላጅ የሚያስገድድ ፍርድ ሲያገኝ፣ የማይናገረው ልጅ ወላጅ ያገኘው ምክር ነበረ። በአገራችን ይግባኝ ሲባል የበላዩ ዳኛ የበታቹን ፍርድ ሊሽር እንደሚችል ባላገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ይህን የመሰለውን ነገር ይግባኝ ለማለት አማርኛችን ያመነታል።

ከዚህም ሌላ የተሰወረ መሰናክል ነበር። የ1983 ደንብ መግለጫው በአምስት ክፍል እንዲጻፍ አዝዞ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ለልጁ የሚሰጠው ልዩ ትምህርት የሚጻፍበት ነው፤ አምስተኛው ክፍል ትምህርት ያልሆነ ተጨማሪ አገልግሎት የሚጻፍበት ነው። በሦስተኛው ክፍል የተጻፈውን ባለሥልጣኑ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ በአምስተኛው የተጻፈው ግን ሌላው መሥሪያ ቤት ሲቻለው የሚሰጠው ነው። ንግግር የሚያሠለጥኑት ከ1974 ጀምሮ የጤና መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ስለ ሆኑ፣ ብዙ ባለሥልጣኖች ሥራቸውን በአምስተኛው ክፍል ይጽፉት ጀመር። ወላጁ ልጄ ንግግር የሚያሠለጥነው ሰው ይፈልጋል ሲል ባለሥልጣኑ የጤናዎቹን ጠይቅ ይለዋል፤ የጤናዎቹም ሠው የለንም ይሉታል። ባለሥልጣኖቹን በክፋት ብቻ መክሰስ ተገቢ አይደለም፤ በራሳቸው ደመወዝ ያልቀጠሩትን ባለሙያ እንዲያቀርቡ መገደድ ያስፈራቸው ነበር። ነገር ግን ልጁ በሁለቱ መካከል ቀረ።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በመጀመሪያ በኦክስፎርድሺር አውራጃ ላይ በቀረበ ክስ ዳኞቹ ከባለሥልጣኑ ጋር ቆሙ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በላንካሺር አውራጃ ላይ ሌላ ክስ ቀረበ፤ በ1989 የይግባኝ ፍርድ ቤት ለወላጆቹ ፈረደ። የፍርዱ ምክንያት ባጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፤ በካንሰር ማንቍርቱን ያጣ ትልቅ ሰው እንዲናገር ማሠልጠን ሕክምና ሊባል ይችላል፤ ከቶ በቋንቋ ተግባብቶ የማያውቅን ልጅ መናገር ማስተማር ግን መጻፍ ከማስተማር የሚለይ አይደለም። ስለዚህ ትምህርት ነው፤ ስለዚህም ባለሥልጣኑ ሊያቀርበው ይገደዳል። በዚያው ዓመት የወጣው የመንግሥት መመሪያ ፍርዱን ተከተለ። እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይህ ፍርድ ለወላጆች አዲስ የይግባኝ በር አልከፈተም። ያደረገው ነገር አንድን ሥራ ከአምስተኛው ክፍል ወደ ሦስተኛው ክፍል ማዛወር ነው።

በ1993 አዋጅ የልዩ ትምህርት ዳኝነት ጉባኤ ተቋቋመ፤ ሥራውንም በሴፕቴምበር 1994 ጀመረ። ሰብሳቢው የሕግ ሰው ሁኖ ሁለት አባሎች ከርሱ ጋር ይቀመጡ ነበር። ወላጁ ውሳኔው ከደረሰው ጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ ያመለክታል፤ ክፍያ የለበትም፤ ውሳኔው ባለሥልጣኑን ያስገድዳል። ከ1981 ጀምሮ የነበረው ጉድለት በዚህ ተሞላ። ወላጁ የሚጠይቀውን ትምህርት ቤት ባለሥልጣኑ ሊነፍገው የሚችለው ትምህርት ቤቱ ለልጁ የማይስማማ፣ ወይም የሌሎቹን ልጆች ትምህርት የሚያውክ፣ ወይም ገንዘብን በአግባቡ ከመጠቀም ጋር የማይጣጣም ሲሆን ነው። ስለዚህ ክርክሩ ከሐኪም ጽሑፍ ወደ ማስረጃ ተለወጠ፤ ልጁ በአሁኑ ክፍል ምን ያህል ቃል ጨመረ? ባለሙያው በሳምንት ስንት ጊዜ ያየዋል? ንግግሩን የሚለማመደው ከማን ጋር ነው? ባለሥልጣኖችም «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን ቃል መውደድ ጀመሩ፤ እንደ አስፈላጊነቱ የተጻፈ ሰዓት አይቈጠርምና። በ1998 ከፍተኛው ፍርድ ቤት መግለጫ ጥርጥር እስከማይቀር ድረስ ተለይቶ መጻፍ አለበት ሲል ወሰነ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚሰጠው ደቂቃ ቍጥር ራሱ የክርክር ነጥብ ሆነ።

ስለ ስደተኞች ልጆች አንድ ቃል መጨመር ይገባናል፤ በሎንዶን የሚኖሩትን የአገራችንን ሰዎች ልጆች ይነካልና። ከ1981 ጀምሮ የወጡት አዋጆች ሁሉ አንድ ልጅ በቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ ስለ ተለየ ብቻ የመማር ችግር አለበት አይባልም ይላሉ። ይህ አንቀጽ ጥሩ ታሪክ አለው። በ1971 በርናርድ ኮርድ የተባለው የግሬናዳ ተወላጅ መምህር የምዕራብ ኢንዲስ ልጆች ያለ አግባብ ዝቅተኛ ትምህርት ወደሚሰጥባቸው ልዩ ትምህርት ቤቶች እየተላኩ መሆናቸውን በትንሽ መጽሐፍ አጋልጦ ነበር። ሆኖም ለመከላከያ የተጻፈው ቃል በሌላ በኩል ሊቈርጥ ይችላል። በቤቱ አማርኛ የሚሰማ ልጅ በአራት ዓመቱ በእንግሊዝኛ ባይናገር፣ ሁለተኛ ቋንቋው ስለ ሆነ ነው፣ ቆዩ ይመጣል፣ ለማለት ቀላል ነው። መጠየቅ የሚገባው በአማርኛስ አፉን ፈትቷልን ተብሎ ነው፤ ይህን ሊመልስ የሚችለው ደግሞ በጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ወላጅ ብቻ ነው።

በ2014 የወጣው የልጆችና የቤተሰብ አዋጅ መግለጫውን ሽሮ የትምህርት፣ የጤናና የእንክብካቤ ዕቅድ የሚባለውን ተካ። የ1989 ፍርድ አሁን በአዋጅ ተጻፈ፤ አንቀጽ 21 የጤና አገልግሎት ቢሆንም ልጁን የሚያስተምር ወይም የሚያሠለጥን ከሆነ እንደ ልዩ ትምህርት ይቈጠራል አለ። በጉባኤው ከሚወሰኑት የልዩ ትምህርት ይግባኞች በጠቅላላው በ2022–23 ከመቶው 98 ያህሉ ለአመልካቾች የተፈረዱ ናቸው፤ በከፊል የተፈረዱትም በዚህ ውስጥ ይቈጠራሉ። ይህ ቍጥር የወላጆችን ድል ያሳያል የሚሉ አሉ። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይበታለን፤ ባለሥልጣኑ የሚሸነፍበትን ክርክር ይህን ያህል ደጋግሞ የሚገጥመው፣ ይግባኝ የማይለው ወላጅ ከሚለው ስለሚበዛ ነው ብለን እንጠረጥራለን። ጽሕፈት ያልለመደ፣ ሥራውን ጥሎ ሊመጣ የማይችል ወላጅ በመቶኛው ውስጥ አይቈጠርም።

አዲሱም ዕቅድ በክፍል የተከፈለ ነው። በ«ኤፍ» ክፍል ልዩ ትምህርቱ ይጻፋል፤ በ«ጂ» ክፍል የጤናው አገልግሎት ይጻፋል፤ የትምህርት ቤቱ ስም በ«አይ» ክፍል ነው። ከ2018 ጀምሮ ጉባኤው በ«ጂ» ክፍል የተጻፈውንም ለመመርመር ተፈቅዶለታል፤ ነገር ግን በዚህ ክፍል ላይ የሚሰጠው ምክር ብቻ ነው። የጤናው መሥሪያ ቤት ምክሩን የማይቀበለው ከሆነ፣ ምክንያቱን ጽፎ በአምስት ሳምንት ውስጥ ይመልሳል።